አንዳዱን (2018)፦ ሽልማቱን አዩሽማን ወሰደ፣ ፊልሙን የተሸከመችው ግን ታቡ ናት

ሰብለ_ሲኒማ

ማሳሰቢያ፦ እዚህ ክር ውስጥ ታሪኩ እስከ ጫፉ ይወራል። ፊልሙን ያላያችሁ አይታችሁ ኑ፤ ምንም ሳያውቁ ሲያዩት ነው የሚጥመው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የህንዱ ፊልም «አንዳዱን» በተነሳ ቁጥር ወሬው የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ይንጠለጠላል። ፒያኖ ተጫዋቹ አካሽ ያያል? አያይም? እኔ ዛሬ ማንሳት የምፈልገው ትወናውን ነው። በ66ኛው የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት አካሽን የተጫወተው አዩሽማን ኩራና በዚህ ፊልም ምርጥ ተዋናይ ተባለ፤ ሽልማቱን ከ«ኡሪ»ው ቪኪ ካውሻል ጋር ተካፈለ። ፊልሙ ራሱ ምርጥ የሂንዲ ፊልም ሆነ፣ ለስክሪፕቱም ተሸለመ። ታቡ ግን ከዚያ መድረክ ምንም አላገኘችም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህን የወንጀል ታሪክ የሚያስቅ ያደረገችው ታቡ የምትጫወታት ሲሚ ናት፤ ያውም ታቡ አንድ ቀልድ ሳትናገር። በሩ የሚንኳኳበትን ሲን አስታውሱ። ባሏ ሳሎን ውስጥ ሞቶ ተዘርሯል። ፍቅረኛዋ መታጠቢያ ቤት ተደብቋል። ደጃፏ ላይ ጥቁር መነጽር ያጠለቀ ፒያኖ ተጫዋች ቆሟል፤ ጎረቤቷ ወይዘሮ ዲሳ ደግሞ ብቅ ብለው ያያሉ። ሰውየውን ብትመልሰው ጎረቤቷ ይጠረጥራሉ፣ ብታስገባው ሬሳው አለ። ታቡ ይህን ሁሉ ሒሳብ በዓይኗ ብቻ ነው የምትሠራው። ዓይነ ስውር መሆኑን ስትረዳ ፊቷ ላይ እፎይታው ይታያል፣ ከዚያ ጨዋ ባለቤት ሆና ታስገባዋለች። እኔ የሳቅሁት እዚያ ጋ ነው፤ ወዲያው ደግሞ ለምን እንደሳቅሁ አስደነገጠኝ።

ሲሚ ክፉ ለመምሰል አትታገልም። ግድያው ለእሷ ዛሬ ማለቅ ያለበት የቤት ሥራ ነው፤ አንዱን ጨርሳ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ስትዋሽም፣ ስትፈራም፣ የሐዘን ልብስ ለብሳ ስታለቅስም ጨዋነቷ አይለቃትም። በ2015ቱ «ድሪሽያም» የጠፋ ልጇን የምትፈልግ የፖሊስ አዛዥ ሆና ያያችኋት ሰዎች ታውቃላችሁ፤ እዚያ እውነቱን ታሳድድ ነበር፣ እዚህ እውነቱ ነው የሚያሳድዳት። ሁለቱንም በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ ነው የሠራቻቸው።

እስቲ የሚሞግተኝ ይምጣ።


አቤል_ኪቦርድ

ሰብልዬ፣ ታቡን ማንም አይነካም። ግን አዩሽማን ላይ ፈርደሽበታል።

ይህ ልጅ በአንድ ፊልም ውስጥ ስንት ሰው እንደሆነ እንቁጠር። መጀመሪያ የሚያይ ሆኖ ሳለ ለሙዚቃው ይረዳኛል ብሎ ዓይነ ስውር መስሎ የሚኖር ወጣት ነው። ቀጥሎ ሬሳ ፊቱ ተጋድሞ እያየ አላየሁም ማለት ያለበት ሰው ነው። ቀጥሎ ሲሚ በሰጠችው መርዝ የእውነት ይታወራል። በመጨረሻ ደግሞ የትኛው እንደሆነ እኛም አናውቅም። አራቱም አንድ ዓይነት መነጽር ያደርጋሉ፣ አንድ ዓይነት በትር ይይዛሉ። ልዩነቱ ያለው አንገቱና እጁ ላይ ብቻ ነው።

እኔ በየሰርጉ ኪቦርድ ስለምጫወት የማየው ጣት ነው። በብዙ ፊልም ፒያኖ ሲጫወት ካሜራው ፊት ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ተቆርጦ የሌላ ሰው ጣት ይታያል። እዚህ ግን አዩሽማን ለወራት ተለማምዶ ራሱ ነው የተጫወተው። ስለዚህ ካሜራው ከፊቱ ወደ ጣቱ ሳይቆረጥ መሄድ ይችላል፤ ያ ነፃነት ባይኖር ትልቁ ሲን አይሠራም ነበር።

ትልቁ ሲን ያልሁት ሬሳው የሚጎተትበትን ነው። እሱ ይጫወታል። ከኋላው ሲሚና ፍቅረኛዋ ማኖሃር ድምፅ እንዳያሰሙ በምልክት እየተነጋገሩ ሟቹን ሻንጣ ውስጥ ይከታሉ፣ ደሙን ይጠርጋሉ። ለደቂቃዎች ንግግር የለም። ፒያኖው የድሮ ድምፅ አልባ ኮሜዲ ማጀቢያ ይሆናል፤ ነፍሰ ገዳዮቹ ሳያውቁት በእሱ ምት ይንቀሳቀሳሉ። የአካሽ ፊት ድንጋይ ነው። ፍርሃቱን የምሰማው ጣቱ ላይ ነው። እጁ ቢቆም ይሞታል፣ ስለዚህ ይጫወታል። ይህን ሲን አሚት ትሪቬዲ በሙዚቃው፣ ፑጃ ላዳ ሱርቲ በኤዲቲንጉ አብረው ሠርተውታል፤ መሀሉ ላይ የተቀመጠው ግን የአዩሽማን ፊት ነው።

ታቡ በፊቷ ልታሳየን ተፈቅዶላታል። እሱ ተከልክሏል። የቱ ይከብዳል?


ሰብለ_ሲኒማ

«ታቡ በፊቷ ልታሳየን ተፈቅዶላታል። እሱ ተከልክሏል።»

ጥሩ ነጥብ ነው፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የተናገርኸው። ፊቱ ድንጋይ ከሆነ ፍርሃቱን ከየት ነው ያገኘነው? ከእሷ! እሷ ወደ እሱ በተመለከተች ቁጥር ነው ትንፋሻችን የሚቆመው። የእሱን ዝምታ ትርጉም የምትሰጠው የእሷ ዓይን ናት። ያን ሲን ታቡን አውጥተህ እየው፤ ፒያኖ የሚጫወት ቆንጆ ልጅ ብቻ ይቀርሃል።


ጋሽ ተፈራ

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ሦስተኛውን ሰው ረሳችሁ። ሟቹን።

እኛ የህንድ ፊልም ያየነው በየሲኒማ ቤቱ ወረፋ ይዘን ነው። ቋንቋውን ሳናውቅ ዘፈኑን በቃላችን እናውቅ ነበር። ስለዚህ አኒል ዳዋን ገና ብቅ ሲል ልቤ ደነገጠ። ይህ ሰው በ1970ዎቹ መጀመሪያ የእውነት መሪ ተዋናይ ነበር፤ «ቼትና» በ1970፣ «ፒያ ካ ጋር» በ1972። ከዚያ ጊዜው አለፈበት። ዳይሬክተሩ ራጋቫን አምጥቶ ምን አደረገው? ፕራሞድ ሲንሃ የሚባል፣ ጊዜው ያለፈበት፣ ፑኔ ከተማ አፓርታማው ውስጥ ተቀምጦ የራሱን የድሮ ዘፈኖች የሚያይ ተዋናይ። የሚያያቸው ቁርጥራጮች ደግሞ የአኒል ዳዋን የራሱ ፊልሞች ናቸው። ሰውየው ራሱን ነው የተጫወተው፤ ያውም በፍቅር፣ ሳያፍር።

ፊልሙ ሲጀምር መታሰቢያነቱን ለ«ቻያ ጊት» እና ለ«ቺትራሃር» ይሰጣል። እነዚህ የህንድ ቴሌቪዥን የፊልም ዘፈን ያሳይባቸው የነበሩ ዝግጅቶች ናቸው። ዳይሬክተሩ ፑኔ ባለው የፊልም ተቋም የተማረ ነው፣ የድሮ ፊልም ወዳድነቱ ሁሉም ሥራው ላይ ይታያል።

ለምን አነሳሁት? የዚህ ወንጀል ሥሩ ያ ሰውዬ ነው። ለጋብቻ በዓላቸው ሚስቱን ላስደስታት ብሎ ነው ፒያኖ ተጫዋቹን ቤቱ የጠራው። ያልታሰበ ስጦታ ይዞ ወደ ገዛ ቤቱ ሲገባ ሞተ። አኒል ዳዋን ያንን የዋህነት ባያሳምነን ኖሮ ሲሚ እንዲህ አታስፈራንም፣ አካሽም እንዲህ አያሳዝነንም። በፊልሙ ላይ የሚቆየው ጥቂት ነው፤ ሲሄድ ግን ቤቱን ባዶ አድርጎት ነው የሚሄደው።


አቤል_ኪቦርድ

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ፕራሞድ ካፌው ውስጥ የአካሽን ጨዋታ ሲሰማ ዓይኑ እንዴት እንደሚበራ አሁን እርስዎ ሲያነሱት መጣልኝ። ከህይወቱ የቀረው ሙዚቃው ብቻ ነው።


ሜሮን_ሻርጃ

እኔ ፊልሙን ያየሁት ከህንዳዊት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ነው። እሷ የምትስቅባቸውና እኔ የምስቅባቸው ቦታዎች ይለያዩ ነበር፤ አንድ ሰው ላይ ግን እኩል ወደቅን፦ የፖሊስ ኢንስፔክተሩ የማኖሃር ሚስት። አሽዊኒ ካልሴካር ትባላለች፣ ራሲካ ሆና ነው የምትሠራው። ማኖሃርን የሚጫወተው ማናቭ ቪጅ ደረቱን ነፍቶ፣ ከተማውን አስፈራርቶ የሚዞር ጡንቻማ ሰው ነው አይደል? እቤቱ ሚስቱ ፊት ሲቆም ግን ትንሽ ልጅ ይሆናል። ድምፁ ራሱ ይቀንሳል። ስለ ወንጀል ኮሜዲ ካወራን እነዚህ ሁለቱ ሊረሱ አይገባም።

የቆጨኝ ራዲካ አፕቴ ናት። ሶፊ ሆና መጀመሪያ ላይ ደስ ትላለች፤ ሞተር ሳይክሏ አካሽን ገጭቶት ነው የሚተዋወቁት፣ የአባቷ ካፌም ሥራ ታገኝለታለች። ከዚያ ታሪኩ ይጥላትና የሚዋሸውን የምታምን፣ የሚነገራትን የምትሰማ ሴት ብቻ ትሆናለች። እንደ እሷ ላለች ተዋናይት ያንሳል። እዚህ ላይ ዳይሬክተሩን እወቅሳለሁ እንጂ እሷን አይደለም።


ዳዊት_በጆሮ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የማነበው በስልኬ አንባቢ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነኝ። ፊልሙን ከወንድሜ ጋር ነው ያየነው፤ እሱ የሚታየውን በአጭር በአጭሩ እየነገረኝ። ስለዚህ እናንተ ያላነሳችሁትን ላንሳ።

አቤል፣ የፒያኖውን ሲን እኔ ከአንተ በተለየ መንገድ ነው ያገኘሁት። ወንድሜ ሬሳ እንዳለ እስኪነግረኝ ድረስ ለእኔ ጥሩ ሙዚቃ ብቻ ነበር፤ ልክ ገዳዮቹ አካሽ ይሰማዋል ብለው እንዳሰቡት። ሲነግረኝ ግን ከሙዚቃው ሥር ያለውን ሁሉ መስማት ጀመርሁ። እርምጃ፣ የሚጎተት ነገር፣ የሻንጣ ድምፅ። የድምፅ ባለሙያዎቹ እነዚህን ድምፆች በፒያኖው አልደፈኗቸውም፤ በልካቸው ትተዋቸዋል። እና አንድ ነገር በጣም ገረመኝ። ሲሚ ዓይነ ስውር ነው ብላ ስታምን ጆሮ እንዳለው ረሳች። ይህ በየቀኑ የሚደርስብን ነው። ሰዎች እኔ ፊት ቆመው ስለ እኔ ያወራሉ። ፊልሙ ይህን አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ ከሁሉ የበለጠ እውነት የሆነብኝ እሱ ነው።

ስለ አዩሽማን ደግሞ፦ የመጀመሪያው ግማሽ ላይ ያለው አካሽ የሚያይ ሰው የሚያስበውን ዓይነ ስውር ነው የሚጫወተው። እንደዚያም መሆን አለበት፤ ሊያታልል የሚፈልገው የሚያዩትን ነውና። እርምጃው እርግጠኛ ነው፣ ዕቃ አይስትም፣ ምክንያቱም ያያል። ከመርዙ በኋላ ግን ወንድሜ «አሁን ግድግዳ እየዳበሰ ነው፣ እየወደቀ ነው» እያለ ይነግረኝ ነበር፤ ትንፋሹም ተቀይሯል፣ ድምፁም። አዲስ የታወረ ሰው እኔን አይመስልም። እኔ በትር የያዝሁት ተምሬ ነው፤ ኮቴዬ ከግድግዳ ሲመለስ በር የት እንደሆነ ይነግረኛል። እሱ ይህ አንዱም የለውም። ዓይነ ስውርነትን ለራሱ ጥቅም ሲለብሰው የኖረ ሰው የእውነት ሲመጣበት ምንም የማያውቅ ሆኖ ተገኘ። አዩሽማን ይህን ልዩነት ከገባው፣ እኔም በድምፁ ብቻ ሰምቼዋለሁና ገብቶታል፣ ሽልማቱ ይገባዋል።

የሚያሳምመኝም አለ። አንድ ሰው እውነት አያይም ወይ ብሎ እጁን ፊታችን ላይ የሚያወዛውዘው፣ የሚፈትነን፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ስለሚወራ ነው። የጎረቤቱ ልጅ አካሽን ተጠራጥሮ ሲሰልለው፣ በስልክ ሲቀርጸው ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም። ይህን የምለው ፊልሙን ለመጣል አይደለም፤ እወደዋለሁ። ግን ይህንንም እወቁልኝ።


ሰብለ_ሲኒማ

ዳዊት ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። የጎረቤቱን ልጅ ሲኖች እንደ አንተ ማሰብ ነበረብን።

ስለ ጆሮ ያልኸው ደግሞ ስለ ሲሚ ያለኝን ሐሳብ ያጠነክረዋል። ሲሚ ብልህ ናት፣ ግን የምታየው የምትፈልገውን ብቻ ነው። ታቡ ይህን እብሪት በጣም በስሱ ነው ያስቀመጠችው። ወይዘሮ ዲሳን ከፎቅ ስትገፋቸው እንኳ ተመልካች እንዳላት አታስብም፤ አካሽ ያያታል፣ መጮህ አይችልም። ያ ሲን ለእኔ የፊልሙ አስፈሪው ቦታ ነው፤ አሮጊቷ ምንም በደል የለባቸውም።


ያሬድ_አዋሳ

ሁላችሁም የምታወሩት የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ነው። ምክንያቱም ሁለተኛው ግማሽ ይበታተናል። አካሽ ከማኖሃር አምልጦ ሲወድቅ ኩላሊት የሚነግዱ ሰዎች እጅ ይገባል፤ ዶክተር ስዋሚ፣ የባጃጅ ሹፌሩ ሙርሊ፣ ሎተሪ ሻጯ ሳኩ። ከዚያ አፈና፣ ማስፈራራት፣ የአንድ ክሮር (አሥር ሚሊዮን) ሩፒ ድርድር፣ ሊፍት ውስጥ የተቆለፈ ፖሊስ። አንድ ቤት ውስጥ የነበረው ጥብቅ ታሪክ መንገድ ላይ ተበተነ። ትወናውም በዚያው ልክ ቀለለ።


ጋሽ ተፈራ

ያሬድ ልጄ፣ እኔ አልስማማም፤ የተነሳበትን ምንጭ ብታየው ነገሩ ይገባሃል። ታሪኩ መነሻ ያደረገው የፈረንሳዩን ኦሊቪዬ ትሬኔር አጭር ፊልም ነው፤ ፒያኖ የሚቃኝ ሰው ዓይነ ስውር መስሎ ሬሳ ያለበት ቤት ይገባል። ርዝመቱ ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ በ2012 የፈረንሳይን የሴዛር ፊልም ሽልማት በአጭር ፊልም ዘርፍ ወስዷል። ያ ፊልም ሰውየው ፒያኖ እየተጫወተ፣ ገዳይዋ ከኋላው ቆማ ሳለ ያበቃል። ራጋቫን የጠየቀው ከዚያስ ምን ይሆናል የሚለውን ነው። በአንድ ክፍል ፍርሃት ከሁለት ሰዓት በላይ መሄድ አይቻልም፤ ዓለሙ መስፋት ነበረበት።

ዶክተሩን የሚጫወተው ዛኪር ሁሴን፣ ታብላ የሚመታው ስመ ጥሩ ሙዚቀኛ አይደለም፣ ተዋናዩ ነው፣ ሰውን አጋድሞ ሊቀድ እያለ እንደ ሰፈር ሐኪም በትሕትና ያወራል። ቻያ ካዳም ሎተሪ ሻጯ ሆና ርኅራኄና ስግብግብነት አንድ ላይ አላት። እነዚህ ሰዎች ከሲሚ ጋር የሚዛመዱት በዚህ ነው፤ ሁሉም የሚያደርጉትን ክፋት እንደ ዕለት እንጀራ ያዩታል። ፊልሙ ከቤት ወደ መንገድ ወጣ እንጂ ሐሳቡን አልለቀቀም።


ያሬድ_አዋሳ

ጋሼ፣ ሐሳቡ አንድ መሆኑን እቀበላለሁ። ፍጥነቱን ግን አልቀበልም። ሙርሊ ይሞታል፣ ማኖሃር ሊፍት ውስጥ በገዛ ጥይቱ ይሞታል፣ ገንዘቡ ሐሰተኛ ሆኖ ይገኛል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን አንዱንም ለማዘን ጊዜ አላገኘሁም። መጀመሪያ ላይ በር እስኪከፈት ድረስ ያስጨነቀኝ ፊልም መጨረሻ ላይ ሰው ሲረግፍ ዝም አስባለኝ።


ሜሮን_ሻርጃ

አንድ ሲን ግን ልከራከርልህ፤ ሲሚና አካሽ ሁለቱም ታስረው አንድ ቦታ ሲቀመጡ። እሱ የእውነት አያይም፣ እሷ ታውቃለች፣ ያደረገችውም እሷ ናት። ያም ሆኖ መውጣት ከፈለጉ መተባበር አለባቸው። ሁለቱ መሪ ተዋናዮች ያለ ውሸት የሚገናኙበት ብቸኛው ቦታ ይመስለኛል። ታቡ እዚያ ልትወደድ ምንም አትቀራትም፤ ወዲያው ደግሞ ትከዳዋለች። ፊልሙ በመጀመሪያው ግማሽ ላይ ቢያልቅ ይህን አናገኘውም ነበር።


አቤል_ኪቦርድ

እንግዲህ መጨረሻው መነሳቱ አይቀርምና እኔ ላንሳው። ሁለት ዓመት አልፎ አካሽ አውሮፓ ውስጥ ለሶፊ ሁሉንም ይተርክላታል። ሲሚ መኪናውን እየነዳች እያለ አዳኝ የተኮሰበት ጥንቸል መስታወቱ ላይ ዘሎ፣ መኪናው ተገልብጦ፣ እሷ ሞተች ይላታል። ሶፊ ዶክተሩ ያቀረበለትን ተቀብሎ የሲሚን ዓይን መውሰድ ነበረበት ትለዋለች። እሱ ዝም ብሎ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ያለችውን ቆርቆሮ በበትሩ ጠልዞ ያልፋል።

ብዙ ሰው «አሃ፣ ያያል፣ ዋሽቷል» ብሎ ይቆማል። እኔ የምለው፣ ከቆርቆሮዋ በፊት ያለውን ትረካ ተመልሳችሁ ስሙት። አዩሽማን ያንን ታሪክ ሲናገር ድምፁ መጀመሪያው ላይ ለሶፊ ይዋሽ ከነበረበት ድምፅ ጋር አንድ ነው፤ ለስላሳ፣ ትንሽ የሚያሳዝን፣ የተለማመደው። መልሱን ከቆርቆሮዋ በፊት ሰጥቶናል።


ዳዊት_በጆሮ

እኔም ያን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። ስለ ቆርቆሮዋ ግን አንድ ነገር ልጨምር። በትር የያዘ ሰው መሬቱን እያሰሰ ሲሄድ ዕቃ ቢነካ ድምፁ አጭርና የተደናቀፈ ነው። ያኛው ድምፅ የተመታ ነው፤ ታስቦ የተመታ። ወንድሜ ምን እንደሆነ ከመንገሩ በፊት «ይህ ሰው ያያል» አልሁት።


ያሬድ_አዋሳ

እሺ፣ መጨረሻው ጥሩ ነው። እሱን ማንም አይክድም።

አንድ ጥያቄ፦ ፊልሙ በሌሎች የህንድ ቋንቋዎች ተደግሟል ሲባል ሰምቻለሁ። የሚታይ አለው?


ሰብለ_ሲኒማ

አዎ፣ ሦስት አለ። በ2021 በቴሉጉ «ማኤስትሮ» ተብሎ ኒቲን የአካሽን፣ ታማና የሲሚን ቦታ ይዘው ሠሩት። በዚያው ዓመት በማላያላም «ብራማም» ወጣ፤ ፕሪትቪራጅና ማምታ ሞሃንዳስ ናቸው። የታሚሉ «አንዳጋን» በ2024 ነው የታየው፤ ፕራሻንትና ሲምራን። ዋናው ፊልም ደግሞ በ2019 ቻይና ሲኒማ ቤቶች ገብቶ እዚያ ያስገባው ገንዘብ ከህንድ ገቢው በልጧል። ታሪኩ የትም ይሠራል ማለት ነው።

እነዚህን መመልከት ለዚህ ክር ይጠቅማል የምለው በአንድ ምክንያት ነው። ታሪኩ አንድ ነው፣ ሬሳው አንድ ነው፣ ፒያኖውም አለ። የአካሽ ቦታ ላይ የገቡት ወንዶች ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ኒቲንም ሆነ ፕሪትቪራጅ አያሳፍሩም። የሲሚ ቦታ ላይ የገቡት ሴቶች ግን ጎበዞች ሆነው ሳለ ቶሎ ክፉ ይሆናሉ፤ ገና በሩን ሲከፍቱ ነፍሰ ገዳይ መሆናቸው ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ያስፈራሉ እንጂ አያስቁም።


አቤል_ኪቦርድ

ይህን ማስረጃ ከመጀመሪያው ብታመጪው ኖሮ እንዲህ አልከራከርሽም ነበር። እኔ ግን አሁንም ከጣቶቹ ጋር ነኝ። ቅዳሜ «ብራማም»ን አይቼ የፒያኖውን ሲን አወዳድሬ እጽፋለሁ።


ጋሽ ተፈራ

ፕራሞድን ማን እንደተጫወተውም እይልኝ፣ አቤል።